ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ በ1919፦ ከሼንክ ውሳኔ እስከ አብራምስ የልዩነት ሐሳብ

ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1902 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሾሙ በማሳቹሴትስ ሃያ ዓመት ገደማ በዳኝነት አገልግለው፣ በወጣትነታቸውም በእርስ በርስ ጦርነቱ ሦስት ጊዜ ቆስለው ነበር። የመናገር ነፃነትን በሚመለከት ስማቸው የሚነሣው ግን 78 ዓመት በሞላቸው በ1919 በጻፏቸው ጥቂት ገጾች ነው።

ማርች 3 ቀን የተወሰነው የሼንክ ጉዳይ ነበር። የፊላዴልፊያው ሶሻሊስት ቻርልስ ሼንክ ለውትድርና ለተመለመሉ ሰዎች ምልመላውን የሚቃወም በራሪ ወረቀት በመላካቸው በ1917ቱ የስለላ ሕግ ተቀጥተዋል። ሆምስ ቅጣቱን በሙሉ ድምፅ ያጸናውን ውሳኔ ሲጽፉ፣ ንግግር የሚያስቀጣው ግልጽና ቅርብ አደጋ ሲፈጥር ነው የሚል መለኪያ አኖሩ። መለኪያው ለተናጋሪ የሚያደላ ቢመስልም ሼንክን አላዳነም። ከሳምንት በኋላ በተወሰነው በዩጂን ዴብስ ጉዳይ ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠቀሰም። አራት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ዴብስ በኦሃዮ በአደባባይ ባደረጉት ንግግር 10 ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ሆምስ ይህንንም አጸኑ።

በዚያው በጋ የሃርቫርዱ የሕግ መምህር ዘካርያ ቼፊ መለኪያው ንግግርን በሚጠብቅ መንገድ መነበብ አለበት ሲሉ ጻፉ፤ ሆምስንም አግኝተው አነጋገሩ። ዳኛ ለርነድ ሃንድም አስቀድመው በደብዳቤ ሞግተዋቸው ነበር። ለለውጡ መንሥኤ እነዚህ ብቻ ናቸው ማለት ግን ያስቸግራል።

የአብራምስ ጉዳይ ኖቬምበር 10 ተወሰነ። ተከሳሾቹ ከሩሲያ የፈለሱ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የአሜሪካ ጦር ወደ ሩሲያ መላኩን የሚያወግዙ ወረቀቶችን በኒው ዮርክ ከመስኮት በመበተናቸው እስከ 20 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ነበር። ሰባት ዳኞች ቅጣቱን አጸኑ። ባልደረቦቻቸው የልዩነት ሐሳባቸውን እንዲተዉት ቤታቸው ድረስ ሄደው ቢለምኗቸውም፣ ሆምስ ከዳኛ ብራንዳይስ ጋር በአቋማቸው ጸኑ። አደጋው ወዲያው የሚደርስ መሆን እንዳለበት ጻፉ፤ እውነትም የሚፈተነው ሐሳቦች በነፃ ሲፎካከሩ ነው አሉ።

ሊጤን የሚገባው፣ ሆምስ በዚሁ ጽሑፍ የማርቹ ውሳኔዎች ትክክል እንደነበሩ ማረጋገጣቸው ነው። የተለወጠውን ነገር ያልተለወጠ አድርገው አቀረቡት። የኖቬምበሩን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሰው የነፃነት ጠበቃ ያያል፤ ከዴብስ ውሳኔ ጋር አጣምሮ የሚያነብ ግን፣ በወሰነው ቀድሞ ፍርድ ላይ ሳይመለስ መንገዱን የቀየረ ዳኛ ያገኛል። የሕግ አስተምህሮው ከዚህ ብልሃት ተጠቅሟል፤ ፍርድ ቤቱ በ1969 ለዚያ የልዩነት ሐሳብ እጅግ የቀረበ መለኪያ ተቀብሏል። ዴብስ ግን አልተጠቀሙበትም። በ1920 ከእስር ቤት ሆነው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኙ፤ በ1921 መጨረሻ የተፈቱትም በፍርድ ቤት ሳይሆን በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ውሳኔ ነበር።