ምኒልክና የእንጦጦ እንጨት

ባለፈው ወር በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ቡድናችን አንድ ኮምፔንሳቶ አበላሸ። የመጻሕፍት መደርደሪያ ልንሠራበት ነበር። ቸኩለን ጥርሱ ትልልቅ በሆነ መጋዝ ስንቆርጠው ዳሩ ሁሉ ተበጫጨቀ። ከመካከላችን አንዱ ታዲያ የመጣው መምህር ለመሆን እንጂ አናጢ ለመሆን እንዳልሆነ ተናገረና መጋዙን ወርውሮ ወጣ። እኔም ያን ዕለት መልስ አጣሁለት። በኋላ ግን ከጉለሌ ቀና ብዬ እንጦጦን ሳይ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ስማቸውን የማያውቅ የለም፤ በእንጨት የተነሣ ያዩትን አበሳ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው የአፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛ ሆነው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ይህን በታሪክ ትምህርት ስለተማራችሁት አልደግመውም።

የኛ ነገር የሚጀምረው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆረቆሩ። ቦታው ለጠላት አይመችም፤ ለቤት ሥራ የሚሆነውም የሐበሻ ጥድ እዚያው በእጅ ነበር። ግቢው ተሠራ፣ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ምኒልክ ሥራ ቆሞ ማየት አይወዱም ነበር ይባላል። ድንጋይ ወይም እንጨት ራሳቸው ሲሸከሙ መኳንንቱና ሠራዊቱ አፍሮ መቆም አይችልምና ይከተላቸዋል።

ግን ያን ጊዜ እንጨት እንዴት ነበር ጣውላ የሚሆነው? እዚህ ላይ ልብ በሉ። መጋዝ እንደልብ አልነበረም። ዛፉ በምሳር ይቆረጣል፣ ግንዱ በሽብልቅ ይፈለጣል፣ ከዚያ ከሁለቱም ወገን በመጥረቢያ እየተጠረበ ይሳሳል። ከአንድ ትልቅ ግንድ አንድ ጣውላ፣ ቢበዛ ሁለት ይወጣል። የቀረው ሁሉ ፍላጭና ፍቅፋቂ ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። አንድ በር ለመሥራት ስንት የጥድ ዛፍ እንደሚወድቅ እናንተው አስሉት። በዚህ ላይ የከተማው ሰው ማገዶ፣ የአጥሩ እንጨት፣ የሠራዊቱ ጎጆ አለ።

እናም እንጦጦ ተራቆተ። ከተማው በ1879 ዓ.ም. ከታች ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ ችግሩ ባሰ። ለግንባታ የሚሆን እንጨት እስከ መናገሻ ድረስ ሄዶ በሰው ትከሻ መምጣት ጀመረ። ንጉሡም መጨረሻ ላይ የማይታመን የሚመስል ነገር ወሰኑ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን ትተው ወደ ምዕራብ፣ ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ተነሡ። ቤተ መንግሥቱም እዚያ መሠራት ጀምሮ ነበር። አስቡት እንግዲህ! ይህ ሁሉ ከተማ፣ መርካቶው፣ ስድስት ኪሎው፣ የኛም ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ፣ በጣውላና በማገዶ እጦት ሳይኖር ሊቀር ነበር።

ያተረፈው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ የገባው በ1880ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ማን አስመጣው በሚለው አይስማሙም፤ ብዙዎች ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳዬን ይጠቅሳሉ፣ ሌሎች ደግሞ የንጉሡን አማካሪ የስዊሱን መሐንዲስ ኢልግን። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰው ባዕድ ዛፍ ተክል ቢሉት እሺ አይልም። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉ በጥቂት ዓመት ለአጣና ደረሰ። የአዲስ ዓለሙ አሳብ ቀረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ ለአጣና ግሩም ነው፤ ለጣውላ ሲሆን ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ብርቱ ነው፤ በጎኑ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ኮምፔንሳቶ የመጣው ለዚህ ዘዴ ሆኖ ነው። ግንዱ በእንፋሎት ይለሰልስና ማሽን ላይ እየተሽከረከረ በረጅም ቢላዋ ብርቱካን እንደሚላጥ ይላጣል። ልጣጮቹ የአንዱ ቃጫ በሌላው ላይ መስቀልኛ እየሆነ በኮላ ይጣበቃሉ፤ ብዛታቸውም ጎዶሎ ነው፣ 3፣ 5 ወይም 7። አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። በ1897 ዓ.ም. በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ባለሦስት ድርቡ ለትርኢት ሲቀርብ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በመጥረቢያ አንድ ጣውላ ይወጣው ከነበረው ግንድ ስንት ገበታ እንደሚገኝ ቢያዩ ምን ያህል ይደነቁ ነበር!

መጋዙን ለወረወረው ጓደኛችን ደግሞ ይህን ልንገረው። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ይናቅ ነበር። ንጉሡ ከህንድም ከአውሮፓም ባለ እጅ ሲያስመጡ የገዛ አገራቸው ሠሪ በስድብ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም፤ ቀጨኔ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1901 ዓ.ም.፣ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጠናባቸው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በእንጨት፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራው የእንጦጦ ግቢያቸው ዛሬም ማርያም አጠገብ አለ። ለዓርብ ከሰዓት የእግር መንገድ ነው።

ሁለተኛውን ኮምፔንሳቶ ቀስ ብለን ቆረጥነው። መሥመሩን በስኳድራ አስምረን በስለታም ቢላዋ ላዩን በጣን፤ መልከ መልካሙን ፊት ወደ ላይ አድርገን፣ ከሥሩ ቁራጭ ጣውላ ደግፈን፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ ጋደል አድርገን ቆረጥን። የእጅ መጋዝ የሚበጫጭቀው የታችኛውን ፊት ነውና። ዳሩን በኮላና በሰጋቱራ ደፈንን፤ የብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልለን በቃጫው አቅጣጫ ብቻ አሸነው። ምስማሩ ዳሩን እንዳይሰነጥቅ አስቀድመን በመሰርሰሪያ በሳን። የወጣው ጓደኛችንም ተመልሶ መጣ፤ ሞርሳውን የያዘው እሱ ነው። መደርደሪያው አሁን የመጀመሪያውን ቫርኒሽ ተቀብቶ ወርክሾፑ ጥግ ቆሟል። ሁለተኛው ቅብ ሰኞ ስለሆነ እባካችሁ እስከዚያ ማንም አይንካው።