ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልና የሥጋችን ክብር

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፥ በዚህ እትም የምናስበው ከጎጃም ምድር የተገኙትን ሰማዕት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ነው። ስለ እምነታቸው ጽናት ብዙ ተነግሯል። እኛ ግን ዛሬ ሕይወታቸውን በሌላ በኩል ልንመለከተው እንወዳለን፤ ይኸውም ጉድለት ያለበትን ሥጋቸውን ይዘው እንዴት እግዚአብሔርን እንዳገለገሉ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፥ በመርጡለ ማርያም አካባቢ፥ ዲቦ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በሕመም ምክንያት አንድ ዓይናቸው ጠፋ። እንዲህ ያለ ልጅ በገጠራችን ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን፤ በክርስትና ስሙ ፋንታ በጉድለቱ ይጠራል፤ ውሎ አድሮም ራሱ ስለ ራሱ የሚያስበው ያንኑ ይሆናል። ነገር ግን የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ጨርሶ የማያየውን ተማሪ እንኳ በጆሮው እያስተማረ ለሊቅነት ያበቃ ነውና በሩን አልዘጋባቸውም። በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ፤ ስለ ምንኵስና ሥርዓት የሚናገሩ መጻሕፍትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ በጎንደርም ተማሩ፥ አስተማሩም። ይህ ሁሉ ንባብ በቀረችላቸው በአንዲት ዓይን የተፈጸመ መሆኑን ልብ እንበል።

በ1841፥ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲደርስ፥ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲሾም ለመጠየቅ ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጓዙ። በአገራችን አቡነ ያዕቆብ በመባል የሚታወቁት የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስም አብረዋቸው ነበሩ። ከካይሮ ወደ ሮም ዘልቀው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። በ1844 በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ውስጥ ገቡ፤ ከአቡነ ያዕቆብም ጋር የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀትና ደቀ መዛሙርትን በማስተማር ደከሙ። በ1851፥ በስልሳ ዓመታቸው፥ ከእኚሁ አባት እጅ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ጥንታውያን ቀኖናዎች አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው በሌላው ሁሉ ብቁ ከሆነ ለጵጵስና እንኳ ሊሾም እንደሚችል ይፈቅዳሉ፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ መሆኑንም ያስተምራሉ።

በ1854 በእምነታቸው ምክንያት ከአቡነ ያዕቆብና ከሌሎች ወንድሞች ጋር በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ እሳቸው በእስር ቀሩ። በ1855 በዓፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው እምነታቸውን ባለመለወጣቸው ተገረፉ። ገራፊዎቹ ደኅነኛዋን ዓይን ሆን ብለው እንደ መቷት፥ ዓይኒቱ ግን ብርሃኗን እንዳላጣች ታሪካቸው ይተርካል። ሞት ከተፈረደባቸውም በኋላ በእንግሊዙ ቆንስል በዋልተር ፕላውደን አማላጅነት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። ከዚያም በሰንሰለት ታስረው ሠራዊቱን እየተከተሉ ሲጓዙ የዚያው ዓመት ክረምት ሳይወጣ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ።

የሰማዕታትን መከራ ስንሰማ ሥጋን መጥላት ቅድስና ይመስለናል። እኛም በክህነታችን የመጀመሪያ ዓመታት ሥጋን እንደ ጠላት እየቈጠርን መስበካችንን አንሸሽግም። ነገር ግን ጅራፉን የያዘው የአባ ገብረ ሚካኤል እጅ አልነበረም። መከራውን ያመጡባቸው ሌሎች ናቸው፤ የእሳቸው ድርሻ ስለ እምነታቸው መታገሥ ነበር። ያ ጅራፍ ያረፈበት ሥጋ መጽሐፍ ያነበበ፥ አገር ያቋረጠ፥ ቅዱስ ቍርባንን የያዘ ሥጋ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን አስተምሮናል።

ታዲያ ጾምስ የሚል ይኖራል። የቡሬ ገበሬ በሬውን በቀንበር ያርስበታል፤ ሲመሽም ቀንበሩን ፈትቶ ያበላዋል፥ ያጠጣዋል። ጾምም እንዲሁ ሥጋን ይገራዋል እንጂ አይገድለውም። የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥጋውን ወንድም አህያ እያለ ይጠራው ነበር፤ በ1226 ከማረፉ በፊት ግን ያን አህያ ከልክ በላይ እንደ በደለው አምኖ ይቅርታ እንደ ጠየቀው የታሪኩ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ስንዘዋወር እግራቸው ያበጠባቸው ሰዎች በነጠላቸው ሸፍነውት ከሰው ርቀው ሲቆሙ አይተናል። አንዲት እናት እግራቸውን ለብዙ ዓመታት ለማንም እንዳላሳዩ፥ ራሳቸውም ማየት እንደሚጠሉ ነግረውናል። ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚለው የእግር እብጠት መካከል በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አፈር የሚታየው ዓይነት ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እግርን በየዕለቱ በውኃና በሳሙና አጥቦ በደንብ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል፤ ሕፃናትንም ከጅምሩ ጫማ ማልበስ ከበሽታው ይጠብቃቸዋል። ነገር ግን ሰው የሚጠላውን እግር በየቀኑ አያጥብም። ስለዚህ ከሳሙናው በፊት የሚያስፈልገው እግሩን እንደ ራሱ አካል መቀበሉ ነው።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በክፍላችሁ የሚያነክስ ወይም ዓይኑ የጠፋ ልጅ ቢኖር በስሙ ጥሩት፤ ጓደኞቹም በስሙ እንዲጠሩት አድርጉ። የአባ ገብረ ሚካኤልንም ታሪክ ንገሩት። እግሩ ያበጠበትን ጎረቤታችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ሸኙ፤ በቅዳሴም ጊዜ ከጎናችሁ አስቀምጡት። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ጐንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል። እርሱ ሊነካው ያላፈረበትን እግር እኛ ባለቤቶቹ ልናፍርበት አይገባንም።

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።