አልኸዋሪዝሚ፦ አልጀብራን በሥዕል ያስረዳው ሊቅ

አልጀብራ የሚለውን ቃል ከአፋችን አንለየውም። ከየት መጣ ብንባል ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? በዚህ እትማችን ብዙዎች የአልጀብራ አባት የሚሉትን የሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኸዋሪዝሚን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

አልኸዋሪዝሚ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ780 ገደማ ነው። መጠሪያው ከአራል ባሕር በስተደቡብ ካለው ከኸዋሪዝም አገር የተገኘ ነው። የሠራው ግን በባግዳድ ነው። ከ813 እስከ 833 የገዛው ኸሊፋ አልማሙን ሊቃውንትን በጥበብ ቤት ሰብስቦ ያሠራ ነበር፤ አልኸዋሪዝሚም ከእነሱ አንዱ ሆነ።

በ820 ገደማ የጻፈው መጽሐፍ ስሙን አስጠራው። አልጀብር የሚለው የዐረብኛ ቃል፣ መመለስ ወይም መጠገን ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ መጽሐፍ ርእስ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ ውርስ ለሚያካፍል፣ ለሚነግድና መሬት ለሚለካ ሰው የተጻፈ ነው። ከጭሮ እስከ ገለምሶና በደሳ የአባቱን ማሳ ከወንድሞቹ ጋር የሚካፈል ገበሬ ዛሬም ይሄው ጥያቄ አለበት።

ከታወቁት ጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ የአንድ ካሬ ስፋትና የጎኑ 10 እጥፍ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ፤ ጎኑ ስንት ነው? እኛ ሀ² + 10ሀ = 39 ብለን እንጽፋለን። እሱ ግን በምልክት አልተጠቀመም፤ ሁሉን በቃላት ጻፈ፣ ከዚያም ሣለው። ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ ወሰደ። 10ሩን ለሁለት ከፍሎ፣ ርዝመታቸው ሀ፣ ወርዳቸው 5 የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖችን በሁለት ተጎራባች ጎኖቹ ላይ ገጠመ። የሦስቱ ቅርጾች ስፋት ባንድ ላይ 39 ነው። ጥጉ ላይ ግን 5 በ5 የሆነ ባዶ ቦታ ቀረ፤ ስፋቱ 25። እሱ ሲሞላ ትልቅ ካሬ ወጣ፤ ስፋቱ 39 + 25 = 64፣ ጎኑም 8። ከ8 ላይ 5 ሲቀነስ፣ ሀ 3 ሆነ። እውነትም 9 + 30 = 39 ነው።

አልኸዋሪዝሚ በ850 ገደማ አረፈ። መጽሐፉ በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ። አልጎሪዝም የሚባለውም ቃል ከስሙ የመጣ ነው።

ሠልጣኞች ሆይ! ነገ ሂርና ወይም ሚኤሶ ስንመደብ ቀመር ማስሸምደድ ይቀለን ይሆናል። የተሸመደደ ቀመር ግን ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ጠመኔ ቢጠፋ መሬት አለ፣ እንጨት አለ። ስለዚህ አስቀድመን እንሣል፣ ቀመሩን ከሥዕሉ እናውጣ!