እቴጌ ምንትዋብና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው በቋራ አገር ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበረ፤ በነገሡም ጊዜ ብርሃን ሞገሳ ተባሉ። ዐፄ በካፋ ወደ ቋራ በሄዱ ጊዜ ታመው በምንትዋብ አባት ቤት እንደ ተኙ፥ ምንትዋብም በትጋት እንዳስታመሟቸው ይነገራል። ንጉሡም ከዳኑ በኋላ አገቧቸው፤ ኢያሱ የሚባል ልጅም ወለዱ።

በ1723 ዓ.ም. ዐፄ በካፋ ሞቱ። ኢያሱ በዚያን ጊዜ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ስለዚህ እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋራ አገሩን ያስተዳድሩ ጀመር። ነገር ግን በ1725 ዓ.ም. የሸፈቱ መኳንንት ሌላ ንጉሥ አንግሠው የጎንደርን ቤተ መንግሥት ከበቡ። እናትና ልጅ በግንቡ ውስጥ ተዘግተው ብዙ ተጨነቁ። በመጨረሻም ታማኝ ጭፍሮች ከሩቅ አገር ደርሰው አዳኗቸው።

ሰላም ከሆነ በኋላ እቴጌ ከከተማው ውጭ በኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት አሰቡ። ስሟንም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሏት። ቁስቋም እመቤታችን ከልጇ ጋራ በስደት የተቀመጠችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው፤ በዓሉም በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ግንብ አሠርተው መኖሪያቸውን በዚያ አደረጉ።

እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ሰው እጅ አይፈጸምም። ድንጋይ የሚጠርብ፥ ኖራ የሚያቃጥል፥ እንጨት የሚሸከም፥ ለሠራተኛው እንጀራ የሚጋግር ያስፈልጋል። በጎንደር ነገሥታት ሕንፃ ሥራ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ብዙ ደክመዋል። ግንቡን የሚያይ ሰው የንግሥቲቱን ስም ያስታውሳል፤ የጠራቢውን ስም ግን የሚያውቅ የለም።

እቴጌ ግድግዳ ብቻ ሠርተው አልተዉም። ቤተ ክርስቲያን ቢሠራ፥ ካህኑ የሚበላው ካጣ፥ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ለካህናቱና ለደብተሮቹ ሪም የሚባለውን መሬት ሰጡ። ሪም ማለት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ አገልግሎቱ የሚጠቀምበት መሬት ነው። ገበሬው አርሶ ከሚያገኘው እህል ካህኑ ይመገብ ነበር። እንግዲህ የገበሬው ማረሻ ቅዳሴውን ያቆም ነበር ማለት ነው።

ደግሞም እቴጌ መጻሕፍትን አስጻፉ፥ ሥዕልም አሣሉ። በዚያን ዘመን መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ነበረ። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፋቃል፤ ጸሐፊውም ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ድኻ መጽሐፍ በቤቱ ሊኖረው አይችልም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግን አንዱ ቆሞ ተአምረ ማርያምን ሲያነብ ጌታውም ባሪያውም፥ ሽማግሌውም ሕፃኑም አብረው ይሰሙ ነበር። አንዱ መጽሐፍ የሁሉ ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ሆኖም ወጪው ብዙ ነበረ። በ1736 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ ስናርን ሊወጉ ሄደው ተሸነፉ። በ1747 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜም በግምጃ ቤቱ የተገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት እንደ ነበረ ይነገራል። ቀጥሎ የነገሡት የእቴጌ የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌ ባላቸውን፥ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን አጥተው፥ ሥልጣናቸውም ከእጃቸው ወጥቶ፥ በቁስቋም በሐዘን ተቀመጡ።

በ1762 ዓ.ም. ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ በእቴጌ ቤት ሕፃናት ላይ ወርዶ ነበረ። ብሩስም መስኮቱና በሩ ተከፍቶ ንጹሕ አየር እንዲገባ አዘዘ፤ ሕሙማኑንም አስታመመ። ቀድሞ በቋራ የታመመ እንግዳ በእቴጌ እጅ እንደ ዳነ፥ አሁን ደግሞ እንግዳ የእቴጌን ቤተሰብ ረዳ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው በቁስቋም ተቀበሩ። ከመቶ ዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለች። የእቴጌም ግንብ ዛሬ ጣራ የሌለው ፍርስራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንደ ገና ተሠርቶ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል፤ ሕዝቡም ኅዳር 6 ቀን ወደ ኮረብታው ይወጣል።

ዘውድ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ወርቅም ያልቃል፤ ድንጋይም ይፈርሳል። ብዙ ሰው እንደ ራሱ ቤት የሚወደውና የሚጠብቀው ሥራ ግን ቢወድቅ እንኳ የሚያነሣው አያጣም። ስለዚህ ለሁሉ የሚጠቅም ነገር የሚጀምር ሰው ወጪውን አስቀድሞ ይቍጠር፤ ከእርሱም በኋላ ማን እንደሚጠብቀው ያስብ። ገንዘብ የሌለውም ልጅ ድንጋይ ሊያቀብል፥ ማንበብ ለማይችለውም ጎረቤቱ ሊያነብለት ይችላልና፥ ድርሻዬ ትንሽ ነው ብሎ አይቅር።