ካውንት ፎን ሮዘንና ትንሿ አውሮፕላን

ልደታ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረ ስንል የሰፈራችን ልጆች ይስቁብናል። ነበረ እንጂ! እኛ ዛሬ የምናነሳው የዚያን ዘመን ሰው፣ ስዊድናዊውን ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንን ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ለቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረሩ ደርሰውልናል። ከነጻነት በኋላም ተመልሰው ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች አሠልጥነዋል።

በ1939 ዓ.ም. ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው፣ የትም ሳያርፉ 6,220 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በረው አዲስ አበባ ገቡ። እንቅልፉስ ይቅር፣ መቀመጡስ እንዴት ተቻለ? ጭንቁ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አውሮፕላንም መሬት የሚነካው ቆላ ላይ ከሚያርፍበት በበለጠ ሩጫ ነው። ይህን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ይዞ ያደረ ሰው ነው የሚያደርገው። ደግነቱ ቤንዚኑ መንገድ ላይ አልቆ አውሮፕላኗ ቀላለች።

በ1966ቱ ረኃብ ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር እህል አንጠልጥለው፣ መኪና ላልደረሰበት ወገን ጣሉለት። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ተገደሉ። የተቀበሩትም ስዊድን አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ ነው።