ደብረ አስቦና ደብረ ሊባኖስ
የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሕይወትና የአንዲት ማኅበር ስም

ሰው በተወለደ ጊዜ ስም ይወጣለታል፤ በተጠመቀ ጊዜ ሌላ ስም ይጨመርለታል፤ በመነኰሰም ጊዜ ብዙውን ጊዜ የቀደመውን ትቶ አዲስ ስም ይቀበላል። ስሙ በተለወጠ ቍጥርም አዲስ አደራ ይጣልበታል እንጂ የቃል ለውጥ ብቻ አይደረግለትም። ይህ ሥርዓት ለሰው ብቻ ያይደለ ለቦታና ለማኅበርም የሚደርስ መሆኑን ከሚያስረዱን ታሪኮች አንዱ የደብረ ሊባኖስ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ታላቅ ገዳም ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ሊሳለሙ ከሚወርዱት ምእመናን ብዙዎቹ ይህ ስም ከጻድቁ ዘመን ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቷት ማኅበር በዘመናቸው ደብረ አስቦ ትባል ነበር። ደብረ ሊባኖስ የተባለችው እርሳቸው ካረፉ ከ130 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የጻድቁን ሕይወት ከዚህች ማኅበር ስም ጋራ አያይዘን ብንመረምረው፣ ስም ከወዴት እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን በምን እንደሚጠበቅም እንማርበታለን።

ጻድቁ የተወለዱት በሸዋ በቡልጋ ምድር፣ በጽላልሽ አውራጃ፣ ዞረሬ በተባለች መንደር፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸውም እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ፍሥሐ ጽዮን ነበረ። ከጳጳሱ ከአቡነ ቄርሎስ ዲቁናን ተቀበሉ፤ ኋላም ቅስናን ተሾሙ። በወጣትነታቸው ግን ማደን ይወዱ ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው አንድ ቀን ለአደን በወጡበት ጫካ ቅዱስ ሚካኤል ተገለጸላቸው፤ ከእንግዲህ ወዲህ የሚያጠምዱት ሰውን እንጂ አውሬን እንዳይደለ ነገራቸው፤ ስማቸውንም ተክለ ሃይማኖት ብሎ ለወጠላቸው። ትርጓሜውም የሃይማኖት ተክል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፍሥሐ ጽዮን የደስታ ስም ነው፤ ልጅ አጥተው ለኖሩ ወላጆች የተገባ ስም ነው። ተክል ግን ደስታን ብቻ አያመለክትም። ተክል በአንድ ስፍራ ይቆማል፤ ፀሓይና ውርጭ ይፈራረቁበታል፤ ፍሬውን የሚበላው ሌላ ነው። ስለዚህ ያ ወጣት አዲስ ስም በተቀበለ ጊዜ የተቀበለው ማዕርግ ብቻ አልነበረም፤ ሸክምም ጭምር ነው። ወዲያውም ሀብቱን ለድኆች በትኖ፣ ቤቱን ክፍት ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በሸዋና በዳሞት ወንጌልን ሰበኩ። ሕዝቡ ያመልክበት የነበረውን ዛፍ እንዳስጣሉ፣ የዳሞቱን ገዥ ሞተለሚንም ከብዙ ክርክርና መከራ በኋላ አስተምረው እንዳጠመቁ ገድሉ ይተርካል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኝ ነበር ባለ። እርሳቸው ግን ብዙዎችን ካስተማሩ በኋላ እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ወደ አማራ ምድር ሄደው በአባ በጸሎተ ሚካኤል ገዳም እንደ ታናሽ አገልጋይ ተቀመጡ። ከዚያም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተሻግረው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተማሩ። ቀጥሎም ወደ ትግራይ ወጥተው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተቀመጡ። ከየትኛው አባት የትኛውን የምንኵስና ልብስ እንደ ተቀበሉ የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ትውፊቶች ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ይኸውም ጻድቁ ሽበት እስኪጀምራቸው ድረስ ከመታዘዝ አለመውጣታቸው ነው።

ወደ ሸዋ የተመለሱት በዕድሜ ከገፉ በኋላ ነው። በ1276 ዓ.ም. ገደማ ግራርያ በሚባለው አገር፣ ዛሬ ሰላሌ በምንለው፣ ውሃው ወደ ጀማ በሚወርድበት ጥልቅ ሸለቆ ገደል ላይ በአንድ ዋሻ ተቀመጡ። የስፍራው ስም አስቦ ነበረ። የግእዝ አዋቂ ይህን ቃል ሲሰማ ዐስብ የሚለውን፣ ደመወዝና ዋጋ የሚል ትርጓሜ ያለውን ቃል ማስታወሱ አይቀርም። ይህ ጆሮ የሚያመጣው ማስታወስ ነው እንጂ የስሙ ምንጭ ይህ ነው ተብሎ የሚደመደም አይደለም። ስፍራው ስሙን ይዞ ቆየ፤ ማኅበሩም ከስፍራው ስም ወስዶ ደብረ አስቦ ተባለ። እንግዲህ የመጀመሪያው ስም የምድር ስም ነው። ንጉሥ አልሰጠውም፤ አዋጅም አልተነገረበትም።

ማኅበሩ በመጀመሪያ ጥቂት ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበረ። ቤተ ክርስቲያናቸው ዋሻው ነው፤ መተዳደሪያቸው የእጃቸው ሥራ ነው፤ መምህራቸውም ሽማግሌው አባት ናቸው። በመጨረሻው ዘመናቸው ጻድቁ በጠባብ በኣት ገብተው ሁለት ጦር በፊት፣ ሁለት በኋላ፣ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተክለው፣ እንቅልፍ ቢያዘነብላቸው እንዲወጋቸው አድርገው ቆመው ይጸልዩ ነበር። ከመቆም ብዛት የአንድ እግራቸው ዐጥንት ተሰበረ፤ ቀሪውን ዘመን በአንድ እግር ቆሙ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥር 24 ቀን ስባረ ዐጽሙ ብላ ታከብረዋለች። ሠዓሊዎቻችንም ጻድቁን በስድስት ክንፍና በአንድ እግር የሚሥሏቸው ስለዚህ ነው። ተክል የተባሉት አባት እንደ ተክል በአንድ ስፍራ ቆመው ቀሩ። ያረፉት ወደ 100 ዓመት በሚጠጋ ዕድሜ፣ ነሐሴ 24 ቀን ነው፤ የታሪክ ሊቃውንትም ዓመቱን 1305 ዓ.ም. ያደርጉታል።

አባት ሲሞት የማኅበር ፈተና ይጀምራል። ከጻድቁ ቀጥሎ የተሾሙት አባ ኤልሳዕ ብዙ ሳይቈዩ ዐረፉ፤ መንበሩ ለአቡነ ፊልጶስ ደረሰ። በዘመኑ ንጉሡ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ነበሩ። በጋብቻ ነገር የቤተ ክርስቲያንን ሕግ በመተላለፋቸው መነኮሳቱ ገሠጿቸው። ዐምደ ጽዮን ድል የሚያውቁና ሠራዊታቸው የሚፈራ ንጉሥ ሲሆኑ፣ የደብረ አስቦ ማኅበር ከዋሻና ከጸሎት በቀር አንዳች አልነበረውም። ፊልጶስና ባልንጀሮቻቸው ተገረፉ፤ ታስረውም ወደ ሩቅ አገር ተጋዙ። በልጃቸው በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመንም ያው መከራ ተደገመ፤ አቡነ ፊልጶስም ከመንበራቸው ርቀው በስደት ዐረፉ። የግዞቱ ፍሬ ግን ሳይታሰብ ተገኘ፤ የተበተኑት መነኮሳት በደረሱበት አገር ሁሉ አስተማሩ፤ ገዳማትንም መሠረቱ። ደብረ አስቦ በኢትዮጵያ ምድር የታወቀችው ቤተ መንግሥት ስለ ወደዳት ሳይሆን ቤተ መንግሥት ስላሳደዳት ነው።

ጻድቁ ካረፉ በ57 ዓመት፣ በመምህር ሕዝቅያስ ዘመን፣ ዐጽማቸው ካረፈበት ዋሻ በክብር ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ፈለሰ። ይህም ግንቦት 12 ቀን 1362 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ የስሙ ታሪክ ይመጣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ነገሡ። እርሳቸው መጻሕፍትን የሚያውቁ፣ ስለ ሃይማኖት የሚከራከሩ፣ ስምንም እንደ ቀላል ነገር የማያዩ ንጉሥ ነበሩ። ከተማቸውን በሰማይ በታየው ብርሃን ምክንያት ደብረ ብርሃን አሏት፤ በግብፅ የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረስ በተሰማ ጊዜም በተጉለት ደብረ ምጥማቅን አቆሙ። በ1437 ዓ.ም. ገደማም ደብረ አስቦ ደብረ ሊባኖስ ተብላ እንድትጠራ አደረጉ። በሰሜን በሽመዛና ያለው ደብረ ሊባኖስ በአባ ሊባኖስ ስም የሚጠራ ሌላና ቀደም ያለ ገዳም ስለ ሆነ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። የሸዋው የተሰየመው በሊባኖስ ተራራ ነው።

ሊባኖስ በመጻሕፍት ዘንድ የዝግባ አገር ነው። ለመቅደሰ ሰሎሞን እንጨት የተቈረጠው ከዚያ ነው፤ የጻድቅ ሰው እድገትም በሊባኖስ ዝግባ ተመስሏል። እንግዲህ አባቱ ተክል፣ ስፍራው የዛፍ ተራራ ሆነ። የሁለቱ ስሞች መገጣጠም ያማረ ነው፤ የጻድቁንም ሕይወት የሚያውቅ ሰው አይደነቅበትም።

ይሁን እንጂ ከስሙ ጋራ ሌላ ነገርም መጣ። ከንጉሥ የተገኘ ስም ክብርና ርስት ያስከትላል። የደብረ ሊባኖስ አለቃ እጨጌ ተብሎ ከግብፅ ከሚመጣው ጳጳስ ቀጥሎ በአገሪቱ ካህናት ሁሉ ላይ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ሆነ። አባቶቹ ንጉሥን ገሥጸው የተገረፉባት ማኅበር አሁን በንጉሥ አጠገብ ተቀመጠች። ይህ ክብር ለቤተ ክርስቲያን ብዙ ጥቅም ማምጣቱ አይካድም። ዳሩ ግን ለመነኵሴ ከግርፋት ይልቅ ክብር የሚከብድ ፈተና መሆኑን አባቶቻችን ሳይነግሩን አላለፉም። የተሰደደ ሰው የሚጠብቀው እግዚአብሔርን ብቻ ነው፤ የተከበረ ሰው ግን ክብሩንም ደጅ ሲጠብቅ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ የተቀበለው አዲስ ስም ገና የሚፈተን ስም ነበረ።

ፈተናውም ሳይዘገይ ደረሰ። ስሙ በተሰጠ 90 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1523 ዓ.ም.፣ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ገዳሙን አቃጠለ። ከመነኮሳቱም ብዙዎቹ በዚያው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስፍራው ለረጅም ዘመን ጠፍ ሆነ፤ የእጨጌው መንበርም ኋላ በጎንደር አገር ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ያስደንቃል፤ ስፍራው ሲጠፋ ስሙ አልጠፋም። በሩቅ የተሰደዱት ሁሉ ራሳቸውን የደብረ ሊባኖስ ልጆች ብለው ጠሩ። አስቦ የሚለው ስም ከምድሩ የተወሰደ ነበር፤ ሊባኖስ የሚለው ስም ግን ምድሩ ባይኖርም በሰዎች ላይ ኖረ። ቈይቶም መነኮሳቱ ወደ አባታቸው መቃብር ተመለሱ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ታድሶ ገዳሙ እንደ ገና ጸና።

በመጨረሻ በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው ቀን እንመለስ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቶች ነገሩን ከደብረ ሊባኖስ ጋራ አያያዙት። በግንቦት ወር ለፍልሰተ ዐጽም በዓል ካህናቱና ምእመናኑ በተሰበሰቡበት ጊዜ ገዳሙን ከበቡ። ትእዛዙ የግራዚያኒ፣ ፈጻሚው ጄኔራል ማሌቲ ነበረ። መነኮሳቱ በመኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደተባለው ስፍራ ተወሰዱ፤ በመትረየስም ተገደሉ። ያም ቀን ግንቦት 13፣ የበዓሉ ማግስት ነበር። የጣልያን ሹማምንት ራሳቸው ባስተላለፉት ወሬ የመጀመሪያዎቹን ሙታን 297 አደረጓቸው፤ ከዚያም በደብረ ብርሃን አጠገብ በእንገጫ 129 ዲያቆናት ተገደሉ። ኋላ የተደረገው ምርመራ ግን የሟቾቹን ቍጥር ከ1400 እስከ 2000 ያደርሰዋል። የአባታቸው ዐጽም በክብር የፈለሰበት ቀን ለልጆቹ የሰማዕትነት ዋዜማ ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ ዳግመኛ ተሰበሰበ፤ በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ትእዛዝም በ1950ዎቹ ዓመታት ዛሬ የምናየው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ምእመናን እስከ ዛሬ ድረስ ይሳለሙታል፤ ጠበሉን ይጠመቃሉ፤ ብዙዎችም በዚያ ምድር ለመቀበር ይመኛሉ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ስም መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ንጉሥም፣ አባትም፣ መልአክም ሊሰጠው ይችላል። ስምን መጠበቅ ግን የትውልድ ሁሉ ሥራ ነው። ጻድቁ ተክል መባላቸው በአንድ እግር በመቆማቸው ታተመ። ሊባኖስ የተባለችውም ማኅበር በርስቷና በሥልጣኗ ሳይሆን በእሳትና በመትረየስ ፊት ባለመጥፋቷ ስሟን አጸናች። የዝግባው ተራራ ዛፎች ብዙ ጊዜ ተቈረጡ፤ ሥሩ ግን ከዋሻው አልተነቀለም።

እኛም እያንዳንዳችን በጥምቀት ስም ተቀብለናል። ገብረ እገሌ፣ ወለተ እገሌ፣ ወልደ እገሌ ተብለናል። በዝክርና በፍትሐት ቀን ብቻ የሚታወስ ስም አድርገን ብናስቀምጠው፣ ስሙ በእኛ ላይ ይመሰክርብናል። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወርድ ምእመንም የገደሉን ጥልቀትና የሕንፃውን ውበት ከማድነቁ አስቀድሞ ዋሻውን ያስብ። ንጉሥ ስም ሳያወጣላቸው፣ ማንም ሳያውቃቸው፣ በአስቦ ዋሻ ቆመው የጸለዩት ጥቂቶች ባይኖሩ ኖሮ ሊባኖስ የሚባል ስም የሚያርፍበት ባላገኘ ነበር።

የጻድቁ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ረድኤትና በረከት፣ የሰማዕታቱም የልጆቻቸው ጸሎት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።