ሴቶን ጎርደን

ሴቶን ጎርደን (ኤፕሪል 11 ቀን 1886 – ማርች 19 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ፎቶግራፍ አንሺና ደራሲ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በስኮትላንድ ተራሮች በሚኖረው ወርቃማ ንስር ላይ ባደረገው የረጅም ጊዜ ጥናት ነው። በሕይወቱ ከ25 በላይ መጻሕፍት አሳትሟል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ጎርደን በአበርዲን ከተማ ተወልዶ በዲ ወንዝ ሸለቆ አደገ። ገና በወጣትነቱ ካሜራ ተሸክሞ ወደ ኬርንጎርም ተራሮች እየወጣ ወፎችን በጎጆአቸው ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1907 ሲታተም ዕድሜው 21 ነበር። ከዚያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። በ1915 ኦድሪ ፒዝን አገባ፤ እሷም ወፎችን በመከታተልና ፎቶግራፍ በማንሳት አብራው ሠርታለች። በ1921 ዩኒቨርሲቲው ወደ ስፒትስበርገን ደሴት ካደረገው የጥናት ጉዞ ጋር ወደ አርክቲክ ተጓዘ። በኋላ ኑሮውን በስካይ ደሴት አደረገ። የስኮትላንድ ባግፓይፕ ውድድሮችንም ይዳኝ ነበር።

የወርቃማ ንስር ጥናት

በጎርደን ወጣትነት ንስርን ማወቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ወፉን መግደል ወይም እንቁላሉን መሰብሰብ ነበር። እሱ ግን ጎጆው አጠገብ በተሠራ መደበቂያ ተቀምጦ ለረጅም ሰዓታት ይከታተል ነበር። በ1927 እና በ1955 ስለዚሁ ወፍ መጻሕፍት አወጣ።

ወርቃማ ንስር (በኢትዮጵያም በባሌ ተራሮች ይራባል) በስኮትላንድ ጎጆውን በገደል ላይ ወይም በትልቅ የጥድ ዛፍ ላይ ይሠራል። ጥንዶቹ በግዛታቸው ውስጥ በርካታ ጎጆዎች ሊኖሯቸው ይችላል፤ እያፈራረቁ ይጠቀሙባቸዋል። በየጊዜው እንጨትና ለምለም ቅርንጫፍ ስለሚጨምሩ ጎጆው እየገዘፈ ይሄዳል። ሴቷ በማርች ወር አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች፤ ከ43 እስከ 45 ቀን ይታቀፋሉ። እንቁላሎቹ በተለያየ ቀን ስለሚፈለፈሉ ታላቁ ጫጩት ታናሹን ይደበድበዋል፤ ምግብም ይሻማዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለመብረር የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው።

የንስሮች አደጋ

የአደን መሬት ጠባቂዎችና በግ አርቢዎች ንስርን እንደ ጠላት ያዩት ነበር። በዚህም ምክንያት ሌላው ትልቅ ንስር፣ ባለነጭ ጅራቱ የባሕር ንስር፣ በብሪታንያ ለመጨረሻ ጊዜ በ1916 በስካይ ደሴት ጎጆ ሠርቶ ከዚያ ጠፋ። ወርቃማው ንስር ተረፈ፤ የ1954 የወፎች ጥበቃ ሕግም እሱንና እንቁላሉን በሕግ ጠበቀለት።

ይሁን እንጂ ወዲያው ሌላ አደጋ መጣ። በጎች ከተባይ ለመከላከል በሚነከሩበት ፈሳሽ ውስጥ ዲልድሪን የተባለ መርዝ ይጨመር ነበር፤ ንስሮቹም የሞተ በግ ሲበሉ መርዙ በሰውነታቸው ተከማቸ። በጎጆዎቹ ውስጥ የተሰባበሩ እንቁላሎች መታየት ጀመሩ። በምዕራብ ስኮትላንድ ጫጩት ያሳደጉ ጥንዶች ድርሻ ከ72 በመቶ ወደ 29 በመቶ ወረደ። በ1966 መርዙ ለበግ እንዳይውል ከተከለከለ በኋላ ቁጥሩ እንደገና ከፍ አለ። ጉዳቱ ሊታወቅ የቻለው ጎጆዎቹን ከዓመት ዓመት የሚከታተሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ውርስ

የጎርደን መጻሕፍት ለቀጣዩ ትውልድ ተመራማሪዎች መነሻ ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ የሥነ ምህዳር ሊቁ አዳም ዋትሰን ሲሆን፣ በልጅነቱ ከጎርደን ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ጎርደን ከመሞቱ 2 ዓመት በፊት፣ በ1975፣ ከኖርዌይ የመጡ የባሕር ንስሮች ከስካይ በስተደቡብ ባለችው ረም ደሴት ተለቀቁ። ዛሬ ይህ ንስር በስኮትላንድ እንደገና ይራባል።